ኤክሊፕታ፥ ዐይን የማይወጋ መብራት

ባለፈው የፈተና ሰሞን በአንድ ክፍል የምንኖር አራት ጓደኛሞች ከአንድ አምፑል ጋራ ጠብ ገጥመን ነበር። አምፑሉ የድሮው ዐይነት፥ ሽቦው እየጋለ የሚያበራው ነው፤ ከኮርኒሱ መካከል በገመድ ተንጠልጥሎ ራቍቱን ይበራል። ብርሃኑ አነሰ ብሎ ያማረረ ከመካከላችን አልነበረም። ችግሩ ሌላ ነው። ከመጽሐፉ ቀና ያለ ሁሉ ዐይኑ ውስጥ መርፌ የገባበት ያህል ይሰማዋል፤ ወደ መጽሐፉ ሲመለስም አረንጓዴ ነጥብ በገጹ ላይ እየዞረ ፊደሉን ይሸፍንበታል። አንደኛው ጓደኛችን ጋዜጣ ጠቅልሎ እንደ ቆብ ቢያጠልቅለት ሁለት ሌሊት ዕረፍት አገኘን። በሦስተኛው ሌሊት ጋዜጣው ቡናማ ሆኖ መጨስ ጀመረ። እርሱን አውርደን በድንጋጤ ስንሥቅ አንዱ፥ «ለመሆኑ ይህን ነገር በደንብ ያሰበበት ሰው በዓለም ላይ የለም?» ሲል ጠየቀ።

አለ። እንዲያውም ዕድሜውን ሙሉ ያሰበበት አለ። ይህች ጽሑፍ የጓደኛችንን ጥያቄ ለመመለስ የተጻፈች ናት። የምትተርከውም በዴንማርክ አገር ስለ ተሠራ ስለ አንድ መብራት፥ መብራቱን ስለ ነደፈው ሰውና መስተዋቱ እንዴት እንደሚሠራ ነው። በጽሑፉ ውስጥ የሚገኘው ዓመት ሁሉ በአውሮፓውያን አቈጣጠር መሆኑን አንባቢ ይወቅልኝ።

የመብራቱ ስም ኤክሊፕታ ይባላል። በ1959 የነደፈው አርነ ያኮብሰን የተባለው የዴንማርክ አርክቴክት ሲሆን፥ የሚሠራውና የሚሸጠው ሉዊ ፖልሰን የሚባለው የኮፐንሃገን ኩባንያ ነው። ሲያዩት እጅግ ቀላል ነገር ነው። ክብ፥ ጠፍጠፍ ብሎ ወደ መካከሉ ቀስ እያለ የሚያብጥ፥ የተጋገረ ነጭ ድፎ ዳቦ የሚመስል መስተዋት ነው። በግድግዳም በኮርኒስም ላይ ተለጥፎ ይቀመጣል እንጂ አይንጠለጠልም። ስፋቱ ከዳር እስከ ዳር 22፥ 35 ወይም 45 ሳንቲ ሜትር ነው። ጌጥ የለበትም፤ የነሐስ ቀለበት የለበትም፤ ብሎን አይታይበትም። መብራቱ ሲበራ መስተዋቱ በሙሉ እኩል ይነጣል። ከግድግዳው ጋራ በሚገናኝበት በጠርዙ ላይ ግን መስተዋቱ ጥርት ያለ ስለ ሆነ፥ ከዚያ የምታመልጠው ብርሃን በግድግዳው ላይ ስስ የብርሃን ቀለበት ትሠራለች። ስሙ የፀሐይ ግርዶሽን የሚያስታውስ መሆኑ ያለ ምክንያት አይመስለኝም፤ ፀሐይ በጨረቃ ስትሸፈን በዙሪያዋ የሚታየው ቀለበት ዐይነት ነው።

አሁን ወደ አምፑላችን እንመለስ። የወጋን የብርሃኑ ብዛት አይደለም፤ ብርሃኑ ከምን ያህል ስፋት እንደሚወጣ ነው። በአንድ ሳህን ላይ የተበተነ በርበሬና በአንድ ጕርሻ ውስጥ የተከማቸ በርበሬ በሚዛን እኩል ቢሆኑም ምላስ የሚያውቀው ልዩነት አላቸው። ዐይንም እንደዚሁ ነው። ብሌኑ ክፍሉን ሁሉ ለማየት ሰፋ ብሎ ሳለ አንዲት እጅግ የበራች ትንሽ ነጥብ በድንገት ስትመጣበት ለርስዋ ሲል ይጠብባል፤ በጠበበም ጊዜ የቀረው ክፍል ሁሉ ይጨልምበታል። ከዚህም በላይ ያች ነጥብ በዐይን ውስጥ ተበትና እንደ ጉም ትጋርደናለች። ስለዚህ ኀይለኛ አምፑል ራቍቱን የተሰቀለበት ክፍል ውስጥ የተቀመጠ ሰው ብዙ ብርሃን እያለው በደንብ አያይም።

ሒሳቡን በደብተር ላይ መሥራት ይቻላል። ላዩ ደብዘዝ ያለ ተራ አምፑል 6 ሳንቲ ሜትር ያህል ስፋት አለው እንበል። ከፊት ለፊት ሲታይ የክቡ ስፋት 28 ካሬ ሳንቲ ሜትር ያህል ይሆናል። 35 ሳንቲ ሜትር የሆነው ኤክሊፕታ ግን ከፊት ለፊት ሲታይ 962 ካሬ ሳንቲ ሜትር ነው። ያው አምፑል፥ ያው ብርሃን፥ ሠላሳ አራት ጊዜ ያህል በሰፋ ገጽ ላይ ተበተነ ማለት ነው። እንግዲህ መስተዋቱ ራሱ ውጦ የሚያስቀረውን ሳንቈጥር፥ እያንዳንዱ ካሬ ሳንቲ ሜትር በግምት ሠላሳ አራት ጊዜ ለዘብ ይላል። ትልቁ፥ ባለ 45 ሳንቲ ሜትሩ፥ ወደ ሃምሳ ስድስት ጊዜ ይደርሳል። ወደ ክፍሉ የሚገባው ጠቅላላ ብርሃን ግን በዚያ መጠን አልቀነሰም። የጋዜጣው ቆብና የኤክሊፕታ ልዩነትም እዚህ ላይ ነው፤ ጋዜጣው ብርሃኑን አፍኖ አስቀረው፥ መስተዋቱ ግን ዘረጋው።

ይህ ሐሳብ በያኮብሰን አልተጀመረም። ከርሱ በፊት ፖል ሄኒንግሰን የሚባል ሰው ነበር፤ ዴንማርኮች በስሙ መጀመሪያ ፊደሎች «ፔ ሆ» እያሉ ይጠሩታል። የተወለደው በ1894 ነው። ልጅነቱን ያሳለፈው በላምባ ብርሃን ነበር። የላምባ ፋኖስ ብርሃኑ ትንሽ ነው፤ ጢሱና ሽታውም አይወደድም፤ ነገር ግን ነበልባሉ ለስላሳ ስለ ሆነ ፊትን ያሳምራል፥ ዐይንንም አይጎዳም። ኩራዝ አብርቶ ያጠና የአገራችን ልጅ ይህን ያህሉን ከማንም በላይ ያውቃል። ኤሌክትሪክ ሲመጣ ሰው ሁሉ በብርሃኑ ብዛት ተደነቀ፤ ሄኒንግሰን ግን ቤቱ እየበራ ሰዉ እንደ ከፋ ተመለከተ። ስለዚህ ከ1924 ጀምሮ ከሉዊ ፖልሰን ኩባንያ ጋራ ሆኖ፥ አምፑሉ ከየትኛውም ወገን ለዐይን እንዳይታይ አድርገው ብርሃኑን እየተቀባበሉ የሚያወርዱ፥ እርከን ያላቸው ክፈፎች መንደፍ ጀመረ። በ1925 በፓሪስ በተደረገው ታላቅ የጌጥ ጥበብ ትርኢት ላይ የርሱ መብራት የወርቅ ሜዳልያ አገኘ። በ1926 ባለ ሦስት ክፈፉ መብራት በኮፐንሃገን ለሚገኘው ፎሩም ለሚባለው የትርኢት አዳራሽ ተሠራ። ክፈፎቹን ያጐበጣቸው እንዲሁ በዐይን ገምቶ ሳይሆን በሒሳብ፥ ሎጋሪትማዊ በሚባለው ጥምዝ መስመር ነው።

ስለ ኩባንያው አንድ ነገር ጣልቃ ላስገባ፤ ነገሩ ስለሚያሥቅ ነው። ሉዊ ፖልሰን በ1874 ሲቋቋም ሥራው የወይን ጠጅ ከውጭ ማስመጣት ነበር። ወደ ኤሌክትሪክ ዕቃና ወደ መሣሪያ ሽያጭ የገባው ኮፐንሃገን የኤሌክትሪክ ኀይል ማመንጫ ማቆም ከጀመረች በኋላ ነው።

አሁን ወደ ጦርነቱ ዘመን እንለፍ። ናዚዎች ዴንማርክን በ1940 ሚያዝያ ወር ያዙ። ከተማው ሌሊት ከአየር እንዳይታይ መብራት ሁሉ እንዲጨልም ታዘዘ። በኮፐንሃገን መካከል ቲቮሊ የሚባል ዕውቅ የመዝናኛ አትክልት ቦታ አለ፤ በጨለማ ምክንያት በጊዜ መዘጋት ሊኖርበት ነው። ሄኒንግሰን በ1941 ብርሃኑን ወደ ታች ብቻ የሚያወርድ፥ ወደ ሰማይ አንዲት ጨረር የማያሳልፍ መብራት ነደፈና ቲቮሊ እስከ እኩለ ሌሊት ክፍት ሆኖ እንዲያመሽ አደረገ። ለዐይን ምቾት ብሎ ያጠናው ጥበብ በጦርነት ጊዜ ብርሃንን ከአውሮፕላን ለመሸሸግ አገለገለ።

በ1943 ጥቅምት መጀመሪያ ላይ ናዚዎች በዴንማርክ የሚኖሩትን አይሁድ አፍሰው ለመውሰድ ተነሡ። ወሬው አስቀድሞ ስለ ተሰማ የዴንማርክ ሕዝብ አይሁዶቹን በየቤቱ፥ በየሆስፒታሉ፥ በየቤተ ክርስቲያኑ እየሸሸገ በዓሣ አጥማጆች ጀልባ ወደ ስዊድን አሻገረ፤ በዚህ ዐይነት ከሰባት ሺህ በላይ ሰው ዳነ። አርነ ያኮብሰን በ1902 በኮፐንሃገን የተወለደ አይሁዳዊ ነበር፤ በዚያም ጊዜ ስሙ የታወቀ አርክቴክት ሆኖ ነበር። ሄኒንግሰን ደግሞ አይሁዳዊ ባይሆንም ናዚዎችን በብዕሩ ሲቃወም የኖረ ሰው ነው። እነዚህ ሁለት ሰዎች ከባለቤቶቻቸው ጋራ በአንዲት ትንሽ የመቅዘፊያ ጀልባ ተሳፍረው፥ ኤረሱንድ የሚባለውን የባሕር ወሽመጥ በሌሊት ቀዝፈው ስዊድን ገቡ። የዴንማርክን መብራት ለዓለም ያሳወቁት ሁለቱ ሰዎች በአንድ ጀልባ ውስጥ፥ አንዲት ክብሪት እንኳ መጫር በማይቻልበት ጨለማ ውስጥ ነበሩ። ጀልባዋ ተይዛ ቢሆን ኖሮ ይህን ጽሑፍ የምጽፍበት ነገር ባልነበረ።

ያኮብሰን በስዊድን ሁለት ዓመት ያህል በስደት ኖረ። የሕንፃ ሥራ እምብዛም አላገኘም። ባለቤቱ ዮና የጨርቅ ማተም ሙያ ስለ ነበራት፥ እርሱ በሜዳና በጫካ ያያቸውን ሣርና አበባ በውኃ ቀለም እየሳለ፥ እርስዋ በጨርቅ ላይ እያተመች ኖሩ። ሥራቸውንም የስቶክሆልም ትልቅ መደብር እየገዛ ይሸጠው ነበር። ጦርነቱ በ1945 ሲያልቅ ወደ አገሩ ተመለሰ። አንዳንድ ሰው የያኮብሰንን ሕንፃዎች አይቶ «ቀዝቃዛ፥ ሁሉ መስመርና ማዕዘን» ይላቸዋል። እኔ ግን የስደት ዘመኑን ሥራ ስመለከት፥ ይህ ሰው ቅጠል አንድ በአንድ እየቈጠረ የሚስል ሰው መሆኑን መርሳት አይገባም እላለሁ።

ከተመለሰ በኋላ ሥራው በዛ። በ1952 ጕንዳን የምትባለውን ወንበር፥ በ1955 ደግሞ ዛሬ በየአገሩ የምትታወቀውን ሰባተኛዋን ወንበር አወጣ። ለእኛ ለተማሪዎች ግን ከሁሉ ይልቅ ሙንከጎር የሚባለው ትምህርት ቤቱ ትኵረት የሚገባው ይመስለኛል። በኮፐንሃገን አጠገብ የሚገኘው ይህ ትምህርት ቤት በ1957 ተጠናቀቀ። ሕንፃው ባመዛኙ ፎቅ የሌለው ሲሆን፥ በክፍሎቹ መካከል ትናንሽ የአትክልት አደባባዮች አሉት፤ ስለዚህ የቀን ብርሃን ወደ ክፍሉ ከአንድ ወገን ብቻ አይገባም። ያኮብሰን የልጆቹን ጠረጴዛና ወንበር ራሱ ነደፈ፤ በኮርኒሱ ውስጥ የሚቀበር ክብ መብራትም ነደፈ። ኤክሊፕታ የዚያ ትምህርት ቤት መብራት ታናሽ ወንድም ነው ብንል ስሕተት አይሆንም፤ ሁለቱም የኮርኒሱን ገጽ ሳያበላሹ ብርሃን የሚሰጡ ክቦች ናቸው።

ኤክሊፕታ በወጣበት ዘመን ያኮብሰን በኮፐንሃገን መካከል ለስካንዲኔቪያ አየር መንገድ ሮያል ሆቴልን እየሠራ ነበር። ሥራው ከ1956 እስከ 1960 ቈየ። ለዚህ ሆቴል ያልነደፈው ነገር የለም፤ ሕንፃውን፥ ዕንቍላልና የውኃ ዶሮ እየተባሉ የሚጠሩትን ወንበሮች፥ መጋረጃውን፥ የበሩን እጀታ፥ ሹካና ማንኪያውን ሳይቀር በእጁ ሣለ። ሹካዎቹ ከዘመናቸው እጅግ የራቁ ስለ ነበሩ፥ በ1968 ስለ ወደ ፊቱ ዘመን የጠፈር ጕዞ የተሠራ አንድ ዕውቅ ፊልም ላይ ተዋንያኑ ሲበሉባቸው ታይተዋል። ሆቴሉ ከዚያ ወዲህ ብዙ ጊዜ ታድሷል፤ ቍጥር 606 የሆነው ክፍል ግን በመጀመሪያው መልኩ እንዳለ ተጠብቋል።

አርክቴክት ስለ ማንኪያ ምን አገባው የሚል ጠያቂ ሊኖር ይችላል። የያኮብሰን መልስ በሥራው ውስጥ ይታያል። በአንድ ክፍል ውስጥ የምንኖረው ከግድግዳው ጋራ ብቻ አይደለም፤ ከማብሪያ ማጥፊያው፥ ከበሩ እጀታ፥ ከመብራቱ ጋራም ነው። ሕንፃው በደንብ ታስቦ መብራቱ ከገበያ እንደ ተገኘ ቢለጠፍበት፥ ማታ ማታ ሕንፃው ሌላ ሰው የሠራው ይመስላል። ኤክሊፕታ የተነደፈው ይህ እንዳይሆን ነው። ቀን ሲጠፋ ከነጭ ግድግዳ ላይ ያለ ትንሽ እብጠት መስሎ ይቀራል፤ ማታ ሲበራ ግድግዳው ራሱ የሚያበራ ይመስላል።

አሁን ወደ መስተዋቱ። እዚህ ላይ የሳይንስ ፋኩልቲ ወንድሞችና እኅቶች ቢታገሡኝ፥ ሌሎቻችን የምንማረው አለ።

ነጭ መስተዋት ቀለም የተቀባ መስተዋት አይደለም። ነጭነቱ በውስጡ ነው። ወተት ለምን ነጭ እንደ ሆነ ያሰበ ሰው ይህን በቀላሉ ይረዳዋል። ወተት አብዛኛው ውኃ ነው፤ ውኃ ደግሞ ቀለም የለውም። በውኃው ውስጥ የተንሳፈፉት እጅግ ደቃቅ የቅባትና የሌላ ንጥረ ነገር ቅንጣቶች ናቸው ብርሃኑን በየአቅጣጫው እየመለሱ ነጭ የሚያደርጉት። ለዚህም ምስክሩ አጓት ነው፤ ወተቱ ረግቶ ቅቤውና አይቡ ሲወጣለት የቀረው አጓት ነጭነቱን ያጣል፥ ብርሃንም ያሳልፋል። የወተት መልክ ያለው፥ ኦፓል የሚባለው መስተዋትም እንደዚሁ ነው። ከአሸዋ፥ ከሶዳና ከኖራ ከሚሠራው ተራ መስተዋት ላይ ፍሎሪን ያለባቸው ማዕድኖች ይጨመራሉ። ሲቀልጥ ሁሉም አንድ ሆኖ የጠራ ነው፤ ሲቀዘቅዝ ግን በውስጡ ለዐይን የማይታዩ ደቃቅ ቅንጣቶች ይረጋሉ። ብርሃን በመስተዋቱና በቅንጣቱ ውስጥ የሚጓዝበት ፍጥነት ስለሚለያይ በያንዳንዱ ቅንጣት ላይ መንገዱን ይለውጣል። ሺህ ጊዜ ከተጋጨ በኋላ በስተ ውጭ ሲደርስ ከየት እንደ መጣ አይታወቅም። አምፑሉ በመስተዋቱ ውስጥ የማይታየው ስለዚህ ነው።

ይሁን እንጂ መስተዋቱ በሙሉ ኦፓል ቢሆንና ወፍራም ቢደረግ፥ ብርሃኑ በውስጡ ሲንከራተት ብዙው እዚያው ይቀራል። ስስ ቢደረግ ደግሞ በቀላሉ ይሰበራል። የዚህ መፍትሔ ኤክሊፕታን የመሳሰሉት የዴንማርክ መብራቶች የሚሠሩበት ባለ ሦስት ድርብ መስተዋት ነው። በመካከል ስስ የኦፓል ድርብ አለ፤ በውስጥና በውጭ ወገን ጥርት ያለ መስተዋት አቅፎ ይይዘዋል። መካከለኛው ብርሃኑን ይበትናል፤ ሁለቱ ጥንካሬ ይሰጡታል። በውጭ ያለው ጥርት ያለ ድርብ ደግሞ ነጩን ጥቂት ወደ ውስጥ ያርቀዋል፤ ስለዚህ መስተዋቱ እንደ ሸክላ ሳህን ድፍን ሳይሆን ጥልቀት ያለው ሆኖ ይታያል። ከፕላስቲክ ጋራ ጎን ለጎን ቢቀመጥ ልዩነቱን ሕፃን ልጅም ይለየዋል።

ይህ የሚሠራው በአፍ በመንፋት ነው። ሠራተኛው ረጅም የብረት ቱቦ ይዞ፥ ከአንድ ሺህ ዲግሪ ሴንቲግሬድ በላይ ከሚግል እቶን ውስጥ፥ እንደ ማር የሚዝለገለግ መስተዋት በቱቦው ጫፍ ይጠቀልላል። ጥቂት ነፋ አድርጎ ትንሽ አረፋ ይሠራል። ከዚያ ኦፓሉ ውስጥ ይነክረዋል፤ ቀጥሎም እንደ ገና ጥርት ያለው ውስጥ ይነክረዋል። በዚህ ሁሉ ጊዜ ቱቦውን ማሽከርከር አያቋርጥም፤ ለአፍታ ቢያቆም መስተዋቱ በክብደቱ ወደ አንድ ወገን ይወርዳል። በመጨረሻ በቅርጹ ልክ በተዘጋጀ ቅርጽ ማውጫ ውስጥ አስገብቶ ይነፋዋል። ያች ጥቂት ደቂቃ ብዙ ዓመት የተለማመደ ሳንባና እጅ የምትጠይቅ ናት። ኦፓሉ በአንድ ወገን ቢሳሳ መብራቱ ሲበራ በዚያ በኩል አምፑሉ ብቅ ብሎ ይታያል፤ እንከኑን የሚያጋልጠው ብርሃኑ ራሱ ነው።

ሦስቱ ድርቦች በሙቀት የሚለጠጡበትና በቅዝቃዜ የሚኮማተሩበት መጠንም እኩል መሆን አለበት። አንዱ ከሌላው ይበልጥ ቢኮማተር መስተዋቱ ዛሬ ደኅና ሆኖ ነገ ማንም ሳይነካው ይሰነጠቃል። በዚህም ምክንያት ከተነፋ በኋላ በልዩ ምድጃ ውስጥ ቀስ ተብሎ ለብዙ ሰዓት ይቀዘቅዛል። ከዚያ ወዲያ ከቱቦው ጋራ ተያይዞ የነበረው ትርፉ ክፍል ይቈረጣል፥ ጠርዙም ይሞረዳል።

እንግዲህ ይህን ሁሉ ያነበበ ተማሪ አንድ ነገር ሳይጠይቅ አያልፍም፤ ዋጋውስ? እውነቱን እንናገር፥ ውድ ነው። በእጅና በአፍ የተሠራ ዕቃ ርካሽ ሊሆን አይችልም። እዚህ ላይ ከራሴ ጋራ ክርክር ገጥሜያለሁ። የዘመናዊው ንድፍ ሰዎች፥ ሄኒንግሰን ከሁሉ በፊት፥ ጥሩ ዕቃ ለሁሉም ሰው እንዲደርስ እንሠራለን ሲሉ የተነሡ ነበሩ። ሄኒንግሰን ከ1926 እስከ 1928 ያዘጋጀው መጽሔት ለይስሙላ የሚሠራ የሀብታም ጌጥን ሲነቅፍ ነው ያለቀው። ዛሬ ግን የእነርሱ መብራት ራሱ በብዙ አገር የሀብታም ቤት ምልክት ሆኗል። ይህ የሠሪዎቹ ጥፋት ነው ወይስ የዘመኑ? ግማሽ በግማሽ ይመስለኛል። ያኮብሰን የአየር መንገዱ እንግዶች ላረፉበት ሆቴልም ለትምህርት ቤት ልጆችም በአንድ ዐይነት ጥንቃቄ መሥራቱ ግን ሊካድ አይችልም፤ የሙንከጎር ልጆች ለመብራታቸው ሳንቲም አልከፈሉም።

ሐሳቡስ ቢሆን በውድ መስተዋት ታስሮ አልቀረም። በየመሥሪያ ቤቱ ኮሪደርና በየደረጃው ላይ የሚለጠፉት ነጭ ክብ መብራቶች፥ ከርካሽ ፕላስቲክ የተሠሩት፥ ከኤክሊፕታ ጋራ የአንድ ቤተ ሰብ ናቸው፤ ሥጋ ዘመዶቹ መሆናቸውን እንጂ እኩያዎቹ መሆናቸውን አልተናገርሁም። ርካሹ ፕላስቲክ እየቈየ ቢጫ ይሆናል፤ ዝንብና አቧራ በውስጡ ተጠራቅሞ ጥቍር ጨረቃ ይሠራል። መስተዋት ግን ታጥቦ እንደ አዲስ ይመለሳል።

ሌላም ነቀፌታ አለኝ። ኤክሊፕታ የማንበቢያ መብራት አይደለም። ብርሃኑን በየአቅጣጫው እኩል ስለሚበትን ጥላ ያሳሳል፤ ለኮሪደር፥ ለመታጠቢያ ቤት፥ ለደረጃ፥ ለመመገቢያ አዳራሽ እጅግ መልካም ነው፤ ሌሊቱን በሙሉ ለሚያነብ ሰው ግን ብቻውን አይበቃም። ሄኒንግሰን ብርሃን ወደሚፈለግበት ቦታ ይመራ ይል ነበር፤ በዚህ ነገር እኔ ከርሱ ወገን ነኝ። ያኮብሰንም ይህን ስቶታል ለማለት አይቻልም፤ በዚያው ዘመን ብርሃኑን ወደ ጠረጴዛው ብቻ የሚያወርድ፥ ባለ ዘንባላ ቆብ የብረት መብራት ሠርቷል። አንዱ ለክፍሉ፥ ሌላው ለመጽሐፉ።

ይህን ያዳመጡ የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎችም ነበሩ። በእንግሊዝ አገር የኦክስፎርድ ዩኒቨርሲቲ አዲስ ያቋቋመውን ቅድስት ካትሪን ኮሌጅን እንዲሠራ የተመረጠው ያኮብሰን ነው። የእንግሊዝ አርክቴክቶች ለምን ለባዕድ ሰው ተሰጠ ብለው ማጕረምረማቸው አልቀረም። የመጀመሪያዎቹ ተማሪዎች በ1962 ገቡ፤ ሥራው በ1964 አካባቢ ተጠናቀቀ። ከሕንፃው ጀምሮ እስከ አትክልቱ፥ እስከ መመገቢያው ወንበር፥ እስከ ሹካና ማንኪያው ድረስ በአንድ እጅ ተነደፈ። በትልቁ የመመገቢያ አዳራሽ ጠረጴዛዎች ላይ የየራሳቸው መብራት ቆሟል፤ ስለዚህ አዳራሹ የቱንም ያህል ሰፊ ቢሆን፥ የሚበላው ተማሪ በራሱ ትንሽ የብርሃን ክበብ ውስጥ ይቀመጣል። ያ ኮሌጅ ዛሬ በእንግሊዝ ሕግ በአንደኛ ደረጃ ከሚጠበቁ ሕንፃዎች አንዱ ነው። ያኮብሰን በ1971 ሞተ፤ ሄኒንግሰን በ1967 ቀድሞት ሄዶ ነበር።

ሁለቱም ያላዩት ነገር መጣ። አውሮፓውያን ከ2009 ጀምሮ ሽቦው የሚግለውን አምፑል ደረጃ በደረጃ ከገበያ አወጡት፤ ከሚበላው ኤሌክትሪክ ከመቶው ዐሥር እጅ እንኳ ብርሃን የማይሆን፥ የቀረው ሙቀት የሆነ ነገር ነበርና። በቦታው የገባው ኤል ኢ ዲ ሙቀቱ ትንሽ ነው፥ ዕድሜውም ረጅም ነው። ይሁን እንጂ ብርሃኑ ከሩዝ ፍሬ ባልበለጡ ነጥቦች ስለሚወጣ፥ ራቍቱን ከሆነ ከድሮው አምፑል ይልቅ ይወጋል። ኤክሊፕታ ከድሮው አምፑል ጋራ የተወለደ ቢሆንም ለአዲሱ ይበልጥ አስፈላጊ ሆኗል፤ ኩባንያውም በኤል ኢ ዲ የሚሠራውን ያቀርባል።

የኛ ክፍል ኤክሊፕታ አልገዛም። ነገር ግን ከዚህ ሁሉ ንባብ በኋላ የሚከተለውን አደረግን። በመጀመሪያ ጋዜጣውን ጣልን። ሁለተኛ፥ የድሮውን አምፑል በኤል ኢ ዲ ለወጥነው። ሦስተኛ፥ ገመዱን ወደ ኮርኒሱ አሳጥረን፥ በአምፑሉ ሥር ነጭ ቀለም የተቀባ ቆርቆሮ እንደ ሳህን አግድመን ሰቀልን፤ ብርሃኑ መጀመሪያ ወደ ኮርኒሱ ይወጣል፥ ከዚያ በሙሉ ኮርኒሱ ላይ ተዘርግቶ ይወርዳል። ኮርኒሱ ከጢስና ከአቧራ የተነሣ ነጭ መሆኑን ረስቶ ስለ ነበር አንድ ቅዳሜ በኖራ ቀባነው። ቆርቆሮውን የቈረጠው ያው ጋዜጣውን ያጠለቀው ጓደኛችን ነው፤ ጠርዙን እንዲሞርደው ግን ሁለት ጊዜ መንገር ነበረብን።